ልኩ ያልታወቀ ጓንት

ሳሎ፣ ሰሜን ሚሺጋን
ሴፕቴምበር 12፣ 1993

ለእህቴ ለማርሊስ ኦያላ፤

ይህ ወረቀት በጤናሽና በሞቀ ክፍል ውስጥ እንዲያገኝሽ እመኛለሁ። እኛ ከላይ ያለነው ቆመናል። አባቴ ሥራ ይሄዳል፣ እናቴ ቤት ትውላለች፣ እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ገብቻለሁ። ሐይቁ ገና አልቀዘቀዘም።

ማን እንደሆንኩ ብትረሺ አልቀየምሽም። የሲልቪ ታናሽ ወንድም ታውኖ ነኝ። የእኔ ወንድ አያትና ያንቺ ሴት አያት ወንድምና እህት ናቸው። ይህ ምን እንደሚያሰኘን እናቴን ብጠይቃት «ዘመድ ነን፣ በቃ» አለችኝ። በሲልቪ ቀብር ዕለት ቤታችን መጥተሽ ካፖርትሽን ሳታወልቂ በሩ አጠገብ ቆመሽ ነበር። አንድ ልጅ ሥጋና ድንች የተሞላ ትኩስ ፓስቲ አምጥቶ ሰጥቶሽ፣ ሳትቀምሺው በእጅሽ እንደያዝሽው ቀረሽ። ያ ልጅ እኔ ነኝ።

የምጽፍልሽ ለምክር ነው። አንቺና ሲልቪ ዩኒቨርሲቲ ከገባችሁ ጀምሮ አንድ ክፍል እየኖራችሁ ለሕክምና ትምህርት ቤት ማመልከቻ ስትዘጋጁ እንደነበር አውቃለሁ። አባቴ «አራት ዓመት ተምሮ እንደ አዲስ ደጅ መጥናት ምን የሚሉት ነገር ነው?» ይል ነበር። እሷ ደግሞ «ቀደም ብሎ ያልጀመረ ኋላ ሲሯሯጥ ይኖራል» ትለኝ ነበር። እኔ ቀደም ብዬ ልጀምር ነው። ጠንካራ ማመልከቻ የሚባለው እንዴት ነው የሚሠራው? ከምን ይጀመራል? እሷ ከምን ጀመረች?

ስልክ ያልደወልኩት ስልካችን ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ስለሆነ ነው። እዚህ ቤት የሲልቪ ስም ከተጠራ እናቴ ተነስታ ትወጣለች፤ አባቴ ራዲዮኑን ከፍ ያደርገዋል። ደብዳቤ ድምፅ የለውም።

ከድልድዩ በታች ለምትኖሩ ጭራቆች ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ። (ቀልድ ነው። በተረት ጭራቅ የሚኖረው ድልድይ ሥር አይደል፤ ከታላቁ ድልድይ ወዲያ ያላችሁትን እዚህ ምን እንደምንላችሁ ሲልቪ ሳትነግርሽ አትቀርም።)

ታውኖ

---

አን አርበር
ኦክቶበር 3፣ 1993

ለወንድሜ ለታውኖ፤

ሰላምታዬ ለአንተ፣ ለአጎቴ ለካርሎና ለአክስቴ ለሄልሚ ይድረስ። ለልባችሁ መጽናናትን፣ ለክረምታችሁ ደረቅ እንጨትን እመኛለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። ጭራቆቹም ደኅና ናቸው፤ ሰላምታህን አድርሻለሁ።

ፓስቲውን አውቶቡስ ላይ በላሁት። በርዶ ነበር፤ ግን ጨረስኩት።

ወደ ጥያቄህ ልሂድ። ከሁሉም በፊት ውጤት ነው። ኬሚስትሪ ከወደቅህ ልብህ ወርቅ ቢሆን አይጠቅምህም። አስተማሪዎችህ ስምህን የሚያውቁበት ወንበር ላይ ተቀመጥ፤ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉልህ እነሱ ናቸው፣ ደብዳቤውም ታሽጎ ስለሚሄድ ምን እንዳሉህ መቼም አታውቅም። አንድ ሐኪም እግር በእግር ተከትለህ ሥራውን እንድታይ ጠይቅ። እዚያ የምትማረው ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ ዝም ማለትን ነው፤ እሱም ትምህርት ነው። አሥር ማኅበር ውስጥ ስምህን ከምታስጽፍ አንድ ቦታ ግባና ቆይ። ቆይታህን ያዩታል።

ከማመልከቻው ጋር የሚሄድ ስለ ራስህ የምትጽፈው ጽሑፍም አለ። ሁሉም «ሰው መርዳት እወዳለሁ» ብሎ ይጀምራል። «ውሻም ሰው መርዳት ይወዳል» ትል ነበር ሲልቪ። አንተ ያደረግኸውን ጻፍ፣ የተሰማህን ተወው። አንባቢው ራሱ ይደርስበታል።

እሷ የጀመረችው በሰማያዊ ሰደርያ ነው። እዚህ ሆስፒታል ውስጥ፣ ሊሞቱ ሲሉ ሰው የሌላቸው ወይም ሰዎቻቸው ያልደረሱላቸው በሽተኞች አጠገብ የሚቀመጡ በጎ ፈቃደኞች አሉ። መድኃኒት አይሰጡም፣ ምንም አይነኩም። እጅ ይዘው ይቀመጣሉ። ሰዓቱ ይመዘገባል፤ ማመልከቻ ላይ ይገባል። አልዋሽህም፣ ሁለታችንም የገባነው ለሰዓቱ ብለን ነው። በኋላ ግን እሷ ሰዓቷን መመዝገብ ትረሳ ጀመር። የምሞላላት እኔ ነበርኩ።

ጥናት ይጠብቀኛል። በርታ።

ማርሊስ

---

ሳሎ
ኖቬምበር 21፣ 1993

ለእህቴ ለማርሊስ፤

እንደምን ከርመሻል? እዚህ በረዶው እስከ መስኮቱ ደርሷል። ጤናችን ደኅና ነው፤ ሌላውን እግዚአብሔር ያውቃል።

ከጫካ መመለሳችን ነው። የአጋዘን አደን ሲከፈት ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ አባቴና እኔ እንደ ወጉ ወጣን። አንድ ቀንዳም ወንድ አጋዘን መጥቶ ከፊታችን ቆመ። አባቴ አነጣጠረ፣ ቆየ፣ ጠመንጃውን አወረደ።

«ምነው?» አልኩት።

«ያየኝ መሰለኝ» አለ።

ጥይቶቹን አውጥቶ ኪሱ ከተተና ወደ ቤት መራኝ።

ምክርሽን ሰምቼ ከትምህርት በኋላ የአረጋውያን ቤት መሄድ ጀምሬያለሁ። ሚስተር ሄይኪነን ከሚባሉ ሽማግሌ ጋር ዳማ እጫወታለሁ። የመዳብ ማዕድን ሠራተኛ ነበሩ። መጀመሪያ ቀን «ምን ልትሆን ነው እዚህ የምትመጣው?» አሉኝ። «ምናልባት ሐኪም» ስላቸው «በእኔ ላይ እንዳትለማመድ!» አሉኝ። ሲሸነፉ ጠጠር ይደብቃሉ። ስይዛቸው ደግሞ «በሽተኛ ሰው ትከሳለህ? አንተ ልጅ፣ ሐኪም አትሆንም!» ይሉኛል።

አሁን እውነቱን ልንገርሽ። ሐኪም መሆን እንደምፈልግ ገና አላውቅም። የጻፍኩልሽ፣ ስለ ማመልከቻ ስትነግሪኝ ስለ እሷ መንገርሽ ስለማይቀር ነው። ስለ ውሻው የምትለውን ሳነብ ድምጿን ሰማሁት። ከቀብሩ ወዲህ አዲስ ነገር ስትናገር ስሰማት የመጀመሪያዬ ነው።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ያን ቀን አባቴ በስልክ ያገኛት ነርስ «ብቻዋን አልነበረችም፤ ከበጎ ፈቃደኞቹ አንድ ሰው እስከ መጨረሻው እጇን ይዞ ነበር» ብላዋለች። ወንድ ይሁን ሴት አልነገረችውም። እናቴ ለዚያ ሰው ግራጫ የሱፍ ጓንት እየሠራች ነው። ልኩን ስለማታውቅ ትሠራና ትፈታዋለች። አንድ ሳምንት የአባቴን እጅ ያክላል፣ በሚቀጥለው የሕፃን ይመስላል። ክረምቱን ሙሉ ስትሠራና ስትፈታ ልታሳልፍ ነው።

አንቺ እዚያው ነሽ። ያ ሰው ማን እንደሆነ ጠይቂልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ታውኖ

---

አን አርበር
ጃንዋሪ 9፣ 1994

ለወንድሜ ለታውኖ፤

አዲሱ ዓመት ካለፈው የቀለለ ይሁንላችሁ። ስለዘገየሁ ይቅር በለኝ። ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ነው፤ ሰበብም ነው።

ለሚስተር ሄይኪነን የተደበቀውን ጠጠር ተውላቸው። ማመልከቻ ላይ የሚጻፍ ጉዳይ አይደለም፤ ግን ተውላቸው።

ስለ ሲልቪ ልንገርህ። እናትህ የሚልኩላትን ሄል የገባበት ጣፋጭ ዳቦ ብርድ ልብስ ውስጥ ተደብቃ ትበላ ነበር። «ጠኔ የገባት አይጥ!» ስላት «ዘመዴ ነሽ፣ አንድ ቁራሽ ይገባሻል» ብላ ትሰጠኝና ሌላውን ትጨርሰዋለች። አንድ ጊዜ ራሳቸውን የሳቱ ሽማግሌ አጠገብ ተቀምጣ በሐይቃችሁ በረዶ ላይ ቀዳዳ ፈልፍሎ ዓሣ እንዴት እንደሚጠመድ ስትተርክላቸው ዋለች። ነርሷ ገብታ «የኔ እመቤት፣ አይሰሙሽም እኮ» አለቻት። ሲልቪ «እኔ ግን እየሰማሁ ነው» አለቻት።

የመግቢያ ፈተናዬ በኤፕሪል ነው። ማመልከቻው በጁን ይከፈታል። ከዚያ በፊት የድጋፍ ደብዳቤዎች መሰብሰብ አለባቸው። የበጎ ፈቃደኞቹ አስተባባሪ ወይዘሮ ፕሩዊት አንዱን ሊጽፉልኝ ቃል ገብተዋል፤ እሳቸው የሚጽፉት ደብዳቤ ከባድ ነው ይባላል።

ስለ ጠየቅኸኝ ሰው፦ የበጎ ፈቃደኞች ስም ለቤተሰብ አይሰጥም። ደንብ ነው። ለአክስቴ ለሄልሚ ልፋታቸው እንደማይጠፋ ንገራቸው። ጓንቱን ግን ትልቅ አያድርጉት።

ማርሊስ

---

ሳሎ
ጃንዋሪ 19፣ 1994

ለእህቴ ለማርሊስ፤

ጤና ይስጥሽ። «ትልቅ አያድርጉት» ብለሻል። እንግዲያው ታውቂዋለሽ።

ያንን መስመር ለእናቴ አነበብኩላት። ድንች እየላጠች ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ትንሽ እጅ ነው ማለት ነው?» አለችኝ።

«እንደዚያ ይመስላል።»

«ሴት ናት ማለት ነው። ልጅ ናት?»

«አላውቅም፣ እማ።»

«እጇ ይበርዳት ይሆን? የበረደው እጅ ነው የያዛት ወይስ የሞቀ?»

ተነስታ ትወጣለች ብዬ ጠበቅኩ። አልወጣችም። ድንቿን መላጥ ጀመረች። በአንድ ዓመት ውስጥ ስለዚያ ቀን የጠየቀችው ይህን ብቻ ነው።

ደንቡን አከብራለሁ። ስሟን አትንገሪኝ። ግን ጠይቂልኝ፤ እጇ ሞቃት ነበር ወይ?

ታውኖ

---

ሳሎ
ፌብሩዋሪ 27፣ 1994

ለእህቴ ለማርሊስ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። መልስ አልላክሽልኝም። ብትታመሚ ኖሮ እናትሽ ለእናቴ ትነግራት ነበር ብዬ አልታመመችም አልኩ።

ዓመቷ አለፈ። ቤተ ክርስቲያን ስሟ ተጠራ። ሰዎች እጃችንን ጨበጡና ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ያን ቀን እኛ የት እንደነበርን ለማንም ነግሬ አላውቅም። አባቴ ትምህርት ቤት መጥቶ ከክፍል ጠራኝ። ሦስታችን በፒክአፑ አንድ ወንበር ላይ ተጣብበን ነዳን። ድልድዩ ጋ ስንደርስ በነፋስ ምክንያት ተዘግቷል። አባቴ ወርዶ ጠባቂውን ለመነ። «ጌታዬ፣ መኪናህን አንስቶ ውሃው ውስጥ ነው የሚጥለው» አለው ሰውየው። «ይጣለው!» አለ አባቴ። አላሳለፈውም።

ማዶው ይታያል። እናቴ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ማዶውን ታያለች። አባቴ ወደ ስልኩ ሳጥን እየሄደ ሆስፒታል ይደውላል፣ ይመለሳል። በመጨረሻው ሲመለስ በዚያ ሁሉ ነፋስ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይዞት ነበር። ሳይናገር አወቅን። ድልድዩን የከፈቱት ያኑ ማታ ነው።

እዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ የእንፋሎት መታጠቢያውን፣ ሳውናውን፣ እናነዳለን። ሴቶች ቀድመው ይገባሉ፣ ወንዶች ይከተላሉ። ድሮ እናቴና ሲልቪ ሲገቡ ሳቃቸው ከግቢው ይሰማ ነበር፤ አባቴ በሩን እየደበደበ «እንፋሎቱን ጨረሳችሁት፣ ውጡ እንጂ!» ይል ነበር። አሁን እናቴ ብቻዋን ትገባለች። ቶሎ ትወጣለች። ፀጉሯ ደረቅ ነው።

እኔም ብቻዬን ነኝ። የክፍል ጓደኞቼ ሲያዩኝ መሳቅ ያቆማሉ። ከሚስተር ሄይኪነን በስተቀር። እሳቸው እኔን ሲያዩ ነው መሳቅ የሚጀምሩት።

መጻፍ ካልፈለግሽ አስታውቂኝ፤ እንዳልጠብቅ።

ታውኖ

---

አን አርበር
ኤፕሪል 20፣ 1994

ለወንድሜ ለታውኖ፤

እግዚአብሔር ያበርታህ። ሦስት ደብዳቤ ጀምሬ ቀድጃለሁ። ይህንን ሳልጨርስ ፖስታው ላይ ቴምብሩን ለጥፌዋለሁ፤ እንዳልመለስ።

እኔ ነበርኩ።

አንተን የመከርኩህን እኔም ልፈጽም። ያደረግኩትን ብቻ ልጻፍ። ያን ጠዋት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አጠገቤ ነበረች። ራሴን አመመኝ አለች፣ የእስክሪብቶዋን ክዳን ገጠመች፣ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። የጭንቅላቷ የደም ሥር ነው የፈነዳው። አምቡላንሱ አላሳፍረኝ አለ፤ እየሮጥኩ ደረስኩ። የጽኑ ሕሙማን ክፍል በር ላይ ነርሷ «ምኗ ነሽ?» አለችኝ።

«የአባቷ አባትና የእኔ ሴት አያት...»

«እናት፣ አባት፣ እህት፣ ወንድም ወይም ባል ብቻ ነው የሚገባው። ከነዚህ አንዷ ነሽ?»

አይደለሁም። በሩ ተዘጋ።

ሰደርያዬ ታች መሳቢያ ውስጥ ነበር። ወረድኩ። የበጎ ፈቃደኞቹ ደንብ ግን የዚያ ተቃራኒ ነው፤ ዘመድ ለዘመዱ አይቀመጥም። ወይዘሮ ፕሩዊት አብረን እንደምንኖር ያውቃሉ፤ የአባት ስማችን ስለሚለያይ ዝምድናችንን አያውቁም። «ቤተሰቦቿ ገና መንገድ ላይ ናቸው። ጓደኛሽ ናት፣ ትችይዋለሽ?» አሉኝ። እችላለሁ አልኩ። «ዝምድና ግን የላችሁም አይደል?» «የለንም» አልኩ። ፈረምኩ።

ለቤተሰብነት ራቅኩ፣ ለበጎ ፈቃደኛነት ቀረብኩ። ስለዚህ ካድኳት። ክጄ ገባሁ።

እጇን ያዝኩ። ድልድዩ መዘጋቱን ነርሷ ስትነግረኝ ለሲልቪ ነገርኳት። «ነፋስ ነው። ድልድዩ ጋ ደርሰዋል። እየመጡ ነው» አልኳት። ይሰማት አይሰማት አላውቅም፤ እኔ ግን እየሰማሁ ነበር። ለአክስቴ ለሄልሚ ንገራቸው፤ የሲልቪ እጅ እስከ መጨረሻው ሙቅ ነበር። የበረደው የእኔ ነው። ያሞቀችኝ እሷ ናት።

በቀብሩ ዕለት ልናገር ነበር የመጣሁት። ካፖርቴን ያላወለቅኩት ለዚያ ነው፤ ተናግሬ ልወጣ። ግን እናትህ ለሰው ሁሉ «የማያውቃት ሰው እንኳ አልተዋትም» እያሉ ሲናገሩ ሰማሁ። ያ እንግዳ ሰው ደግ ሰው ነበር። እኔ ዘመዴን የካድኩ ነኝ። ደጉን ሰው ልነጥቃቸው አልቻልኩም።

አሁን ደግሞ ሌላ መጣ። ለማመልከቻዬ ሆስፒታሉ የሰዓቶቼን ማረጋገጫ ላከልኝ። ያ ቀን ውስጡ አለ፤ ከጠዋት እስከ ምሽት፣ ከሌሎቹ ጋር ተደምሮ። ብተወው ማመልከቻዬን በእሷ ሞት አወፈርኩት። ላውጣው ብል ምክንያቱን መናገር አለብኝ፤ የወይዘሮ ፕሩዊትም ደብዳቤ ሊቀር ነው፤ ያለ እሱ ደግሞ የሚቀበለኝ የለም። ፈተናውን ተፈትኛለሁ። ማመልከቻው ግን ባዶውን መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። አልነካሁትም።

የጠየቅኸኝን ነገርኩህ። እንዳትጽፍልኝ ብትወስን አልፈርድብህም።

ማርሊስ

---

ሳሎ
ሜይ 2፣ 1994

ለእህቴ ለማርሊስ፤

እንኳን ደብዳቤሽ ደረሰልኝ። አሁን ያደረግነውን ልንገርሽ።

አንብቤ ወደ ኋላ ጓሮ ሄድኩና ብዙ እንጨት ፈለጥኩ። ከዚያ ገብቼ ለእናቴ በእጇ ሰጠኋት። አነበበችው። ደግማ አነበበችው። አባቴ እጁን ወደ ራዲዮኑ ሰደደ። ከፍ ሊያደርገው ነው ስል አጠፋው።

«ማን ነበረች?» አላት።

«ማርሊስ።»

«የትኛዋ ማርሊስ?»

«ያክስትህ የልጅ ልጅ! ካፖርቷን አላወልቅ ያለችው።»

አባቴ «እንግዲህ ይህቺ ሩቅ ዘመድ ናት...» ብሎ ጀመረ። እናቴ አላስጨረሰችውም።

«ካርሎ፣ ያን ቀን ሩቅ ዘመዶቿ እኛ ነበርን» አለች።

ከዚያ አለቀሰች። አባቴም። እኔ ድስቱ እንዳያር ሄጄ አወረድኩት። ያን እንግዳ ሰው አልነጠቅሽንም፤ አንቺም እንደዚያ አታስቢ። እናቴ ሌሊቱን ደኅና ተኛች። ጠዋት «ያሞቀችኝ እሷ ናት» የሚለውን መስመር አምጣልኝ አለችኝ።

አሁን ምክር የምሰጠው እኔ ነኝ። ያን ቀን ከሰዓቶችሽ ውስጥ አውጪው። የማመልከቻው አይደለም፣ የሆስፒታሉም አይደለም፤ የእኛ ነው። ለምን ጎደለ ካሉሽ «ቤተሰቧ መልሶ ወሰደው» በያቸው። ወደ ወይዘሮ ፕሩዊትም ራስሽ ሂጂ። «ዝምድና የላችሁም?» ብለው ጠይቀውሽ ነበር። አሁን ሄደሽ «አለን» በያቸው። ደብዳቤያቸው ቢቀርም ይቅር። እኔ እጽፍልሽ ነበር፤ የዳማ ተጫዋች ድጋፍ የሚቀበሉ ከሆነ።

ያንቺው ዘመድ
ታውኖ

---

አን አርበር
ጁን 5፣ 1994

ለወንድሜ ለታውኖ፤ ለአጎቴ ለካርሎ፤ ለአክስቴ ለሄልሚ፤

ሰላም ለቤታችሁ።

ሄድኩ። ወይዘሮ ፕሩዊት ወረቀት ላይ አቀርቅረው ነበር። «ስለ ሲልቪ ነው። ዝምድና አለን» አልኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። «ምን ያህል?» አሉኝ። «አያቶቻችን ወንድምና እህት ናቸው።» መዝገቡን አወጡ፣ ገጹን አገኙ፣ ያንን መስመር በማስመሪያ ሰረዙት። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። ሰላም ሊሉኝ መስሎኝ ዘረጋሁላቸው። «ሰደርያውን» አሉኝ። «ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ለዚህ ዓመት አትገቢም።» አጣጥፌ ሰጠኋቸው።

በሩ ጋ ስደርስ ጠሩኝ። «የድጋፍ ደብዳቤሽን ጽፌ ጨርሼ ነበር። አንድ መስመር እጨምርበታለሁ» አሉ።

«ምን የሚል?» አልኩ፤ ከአፌ አመለጠኝ።

«የታሸገ ደብዳቤ ነው፣ ልጄ።»

ያ መስመር ያስገባኛል ወይ ያስወጣኛል፤ አላውቅም። ማመልከቻውን ሞላሁት። ያ ቀን የለበትም። ስለ ራሴ በምጽፈው ላይም የሲልቪን ስም አላነሳሁም፤ ስለ ሌሎች በሽተኞች ጻፍኩ። ትናንት ፖስታ ቤት አስገባሁት። ስመለስ ክፍሉ ጸጥ ያለ ነበር። ዳቦ ገዝቼ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ በላሁ። ሄል አልነበረበትም።

ማርሊስ

---

ሳሎ
ጁን 12፣ 1994

ለእህቴ ለማርሊስ፤

ጉልበትሽ ይጽና። ሁላችንም ደኅና ነን፤ ይህን ስል የመጀመሪያዬ ነው ማለት ይቻላል።

በዚህ ጥቅል ውስጥ አንድ ጓንት ታገኛለሽ። አንድ ብቻ መሆኑ ስህተት አይደለም። እናቴ «ሁለተኛውን እጇን ሳላይ አልዘጋውም፤ እንደገና መፍታት ሰልችቶኛል» ብላለች። በጁን ወር የሱፍ ጓንት ምን ያደርግላታል ብላት «አንተ ዝም በል፣ የሰው እጅ በበጋም ይበርዳል» አለችኝ።

ሐኪም እሆን እንደሆነ ገና አላውቅም። ባለፈው ሳምንት ሚስተር ሄይኪነን ታመው ተኝተው ነበር፤ ዳማውን አልጋቸው ላይ አድርጌ በሁለቱም ወገን እኔው ተጫወትኩ። ዓይናቸውን ሳይገልጡ «እያጭበረበርክ ነው» አሉኝ። ተሽሏቸዋል። ሰዓቱን የትም አልመዘገብኩትም።

የሰኔው የዮሐንስ በዓል ቅርብ ነው። ሐይቁ ዳር ትልቅ እሳት ይነዳል፤ ከዚያ በፊት ሳውና ይሞቃል። አባቴ የበርች እንጨቱን ከወዲሁ ደርድሯል። እናቴ በቃሌ እንድነግርሽ ያዘዘችኝ ይህ ነው፤ ቃል በቃል ነው የምጽፈው፦ «ሴቶች ቀድመው ነው የሚገቡት፣ እኔ ብቻዬን ነኝ። ጀርባዬን የሚያሽልኝ የለም በላት። ካፖርትም እንዳታመጣ በላት።»

አውቶቡሱ ድልድዩን አቋርጦ ነው የሚመጣው። ሦስታችንም በወዲህኛው ጫፍ ቆመን እንቀበልሻለን። ነፋስ ተነስቶ ቢዘጉብሽ አትመለሺ፤ እዚያው ቆዪ። እኛ መጠበቅ እንችልበታለን።

ታውኖ